ያንተ ቁልፍ የሚከፍተው በር

…ቁልፉን በጫማ ማሰሪያ አስራ አንገትህ ላይ ያጠለቀችልህ እሷ ናት፤ እኔ ሻንጣህን ይዤ ከኋላችሁ ቆሜ ነበር፤ አንተ አንገትህን ዝቅ አደረግህላት፣ እሷም ማሰሪያውን ደግማ ቋጠረችና ደረትህን መታ መታ አድርጋ አንድ ነገር አለችህ፣ ከዚያ አውቶቡሱ…

ይቅርታ ወንድሜ። ሰላም ሳልልህ ገባሁበት። ሰሞኑን ነገሬ ሁሉ እንዲህ ከመሃል ይጀምራል።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? በብርድ ጊዜ የሚያፍንህ ደረትህ አሁን እንዴት አደረገህ? በደንብ ትበላለህ? አብረውህ የሚያድሩት ልጆች ደህና ናቸው? ያ በእንቅልፉ ያወራል ብለህ የጻፍክልን ጓደኛህ አሁንም ያወራል? ወይስ እሱም እንዳንተ ዝም አለ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ብዬ ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ደህና አይደለንም ወንድሜ። እማዬ አሟታል።

የምጽፍልህ መጨረሻ በላክህልን አድራሻ ነው። ከዚያ ወዲህ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ አላመጡም፤ ተመልሰውም ግን አልመጡም። ስለዚህ የሆነ እጅ እየተቀበላቸው ነው እላለሁ። ያንተ እጅ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም። ይህን የሚያነበው ሌላ ሰው ከሆነ፣ እስከዚህ ከደከመ አይቀር አንተን ፈልጎ ያድርስልኝ።

እማዬ ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኝቶባታል። ሐኪሙ በትልቁ ከተማ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፣ ከዚያ በኋላም ለክትትል እዚያው መክረም አለባት አለ። ጊዜ አትስጡት አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር የሚያየው እኔን ነው። እሷ የምታየው የክፍሉን መስኮት ነበር። ስንወጣ እጄን ያዝ አድርጋ «መቀርቀሪያ የለውም» አለችኝ። እኔ ስለ በሽታው የምታወራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስለ መስኮቱ ነው።

እንግዲህ ቤታችን ለወራት ባዶውን ሊከርም ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ ይህ ቤት ሰው አጥቶ አያውቅም። እኔ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ስውል እሷ አለች፤ እሷ ስትወጣ እኔ እጠብቃለሁ። ሁለታችንም አንድ ላይ ወጥተን በር ስንቆልፍ እንዴት እንደምንሆን ራሱ አላውቅም ነበር። ደግሞ ጊዜው ክፉ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው አስተማሪ ቤተሰቡን ይዞ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ሲመለስ ቤቱ ተገፎ ጠበቀው። አልጋውን፣ ድስቱን፣ የልጆቹን ጫማ ሳይቀር ወስደዋል። በሩን ራሱ ከነማጠፊያው ነቅለው ሄደዋል። ሰውዬው ደጃፉ ላይ ቁልፉን በእጁ ይዞ ቆሞ አየሁት። የሚከፍተው ነገር አልነበረውም።

ይህን ጊዜ ነው ጋሼ የገቡበት። አጎታችንን ታውቃቸው የለ፤ ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ ቤታቸውን እየዘጉ መሄድ የለመዱ ሰው ናቸው፣ ስለዚህ የዚህ ነገር ሊቅ ሆነው ቁጭ አሉ። የመጀመሪያው ትእዛዛቸው ስለ ጉዟችን ለማንም ትንፍሽ እንዳንል ነበር። እኔም አፌን ለጎምኩ። ሥራ ቦታ እንኳ ፈቃድ ስጠይቅ የት እንደምሄድ አልተናገርኩም። ሳምንት ሳይሞላ ፀጉር አስተካካዩ ከደጁ ላይ ጮክ ብሎ ጠርቶ መልካም ጉዞ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ አለኝ። ለካ ጋሼ ራሳቸው ተከርክመው እስኪነሱ ድረስ የጉዞ ምስጢር እንዴት እንደሚጠበቅ ሲያስረዱት ነበር፤ በማስረጃነት ደግሞ ያቀረቡት እኛን ነው። ብጠይቃቸው፣ ለሰው አትንገሩ አልኩ እንጂ ለፀጉር አስተካካይ አላልኩም አሉኝ። እማዬ ያን ቀን ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ሆዷን እንደያዘች ቀረች።

ጋሼ የሚሉት ቤት ሰው ያለበት መምሰል አለበት ነው። የአባዬን ጫማ ከሣጥን አውጥተን ጠረግነውና አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙረን ደጃፉ ላይ አኖርነው፣ አንድ ወንድ አሁን አውልቆት የገባ ይመስል። መጋረጃውን ገርበብ አድርገን ተውነው፤ ጥርቅም ያለ መጋረጃ የሄደ ሰው ነው ይላሉ። የጋዙን ሲሊንደር ዘጋሁ፣ የውሃውን ቧንቧ ከዋናው ዘጋሁ። ከግድግዳችን ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ቀን ሲመሽ የበረንዳውን አምፖል ልታበራልን፣ ጠዋት ልታጠፋልን ተስማማች፤ ማብሪያውን በሷ በኩል አዞርነው። ገመዱ ላይም ልብስ እንድታሰጣልን አንድ ሸሚዝና አንድ አንሶላ ሰጠናት። ሸሚዙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችውና «አንድ ሸሚዝ ወሩን ሙሉ ሲደርቅ የከረመበት ቤት፣ ሌባው ሳይሰርቅ ራሱ ሳሙና ያመጣላችኋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሄጄ ሌላ ልብስ ጨመርኩላት። እኔ እንኳን ይህን አላሰብኩትም፤ የሰው ልብስ ሳጥብ የኖርኩት ሴትዮ።

ያኔ አንድ ነገር ገረመኝ። ቤት ሰው ያለበት እንዲመስል የሚበቃው ነገር እንዴት ትንሽ ነው። ጫማ፣ ሸሚዝ፣ አምፖል። ከመንገድ ቆሜ ስመለከተው ቤታችን እውነት የሚኖርበት ይመስላል። እንዲያውም እኛ ከምንኖርበት ይልቅ። ስንት ጊዜ ከሥራ ስመለስ ሁለት ሴቶች ተቀምጠንበት እንዲህ ደስ አይልም ነበር። ቆሜ ሳየው አባዬ ሊወጣ ነው፣ አንተ ከኋላው ልትከተል ነው፣ ኳስህን ይዘህ…

ወደ ነገሬ ልመለስ። ይህ ሁሉ ተሠርቶ የቀረን ዋናው በር ነው።

ቁልፍ ሠሪውን አመጣሁት። ሽቦ ይሉታል፣ ከቅጥነቱ የተነሣ። በር ላይ ቆሞ ቁልፋችንን እንኳ አልጠየቀም። ከወጥ ቤት ማንኪያ ስጡኝ አለ፤ እጀታውን ከበሩና ከመቃኑ መሃል ሰደደና ወደ ላይ ገፋ አደረገው፣ በሩም እንደሚታዘዝ ልጅ ተከፈተ። ይህን ሁሉ ዘመን የተኛነው ከማንኪያ ጀርባ ነበር ማለት ነው። ሽቦ ማንኪያውን በልብሱ ጠረገና ወደ እማዬ ዞሮ፣

«እማማ፣ ይሄ በር የተዘጋው እናንተ ስላመናችሁት ብቻ ነው» አላት።

«ልጄም አምኖት ነው የሄደው» አለችው።

ሽቦ አልገባውም። እኔ ገብቶኛል። ቁልፉ ከተቀየረ አንተ አንገት ላይ ያለው ቁልፍ ምን ይከፍታል? ነገሩ ይኸው ነው ወንድሜ። እሷ ሌላ ነገር አላለችም፤ በሩን አትንኩብኝ ብቻ ነው ያለችው። አሮጌው እንዳለ ይሁንና ሌላ ቁልፍ እንጨምርበት አልናት። የጨመራችሁትን ልጄ በምን ይከፍተዋል አለች። እንግዲያው አዲሱን ቁልፍ ልብስ ሰፊዋ ጋ እናስቀምጥለት፣ ሲመጣ ትሰጠዋለች አልኳት። ይህን ስላት ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት ልነግርህ አልችልም። «ወደ ገዛ ቤቱ ለመግባት ልጄ የሰው ደጅ ይጥና?» አለችኝ።

አውቶቡሱ ጋ ያን ዕለት ምን ብላህ እንደነበር የጠየቅኋት ያኔ ነው። ማንኳኳት የለብህም አልኩት አለችኝ።

የመጀመሪያው የሆስፒታል ቀጠሮ በዚህ አለፈ። በሩ ሳይቀየር ቤቱን ጥለን መሄድ አንችልም፣ በሩን ደግሞ አታስነካም። ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ ሰጠን፤ ይህንንም ካሳለፋችሁ እኔ ኃላፊነት አልወስድም አለ። እሷ ግን እየከሳች ሄደች። ቀሚሷን ልብስ ሰፊዋ አጠበበችላት፣ ወዲያው ደግሞ አጠበበችላት፤ መጨረሻ ላይ ልትለካት ስትመጣ እንደ ልማዷ ልትቀልድ አፏን ከፈተችና ተወችው።

ጋሼ አንድ ቀን ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ልጁ ራሱ ይገላግላት አሉ። ቁልፉ ጠፍቶብኛል፣ በሩን ቀይሩት ብሎ ይጻፍላት። አይጽፍም እኮ አልኳቸው። እሱማ አይጽፍም፣ አንቺ ጻፊ አሉኝ። እሷ ዓይኗ ስለደከመ የምታነቢላት አንቺ ነሽ፣ ምን ታውቃለች?

ክፉ አስበው አይደለም። እኔም ሞከርኩት። እሷ ጋደም ብላ ሳለ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ «እማዬ፣ ቁልፉ ጠፍቶብኛል» ብዬ ጻፍኩ። እንዳንተ አጻጻፍ ፊደሉን ወደ ግራ አዘመምኩት። በልቤ አነበብኩት፣ በድምፅ ሳነብላት እንዴት እንደሚሆን። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልመጣልኝም። ቁልፉን ጥሎታል ካልኳት ለምን ትድናለች? የምትመለሰውስ ወደየት ነው? ወረቀቱን ቀዳደድኩት። ጋሼ ውጭ ይጠብቁኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁላቸው፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

ስለዚህ በሩን አልቀየርነውም። ሽቦ በየመስኮቱ ብረት ገጠመልን፣ የጓሮውን በር ከውስጥ በእንጨት ቀረቀርነው፣ ሲጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ሥራውን አየና፣ መስኮቱን እስር ቤት አድርገን በሩን ለአገር ተውነው አለ። ማንኪያውን እንድደብቀው መከረኝ። እየቀለደ ነው፤ ግን ደብቄዋለሁ።

እማዬ በሩ እንዳለ መሆኑን በእጇ ዳስሳ ካረጋገጠች በኋላ እሺ አለች። እሺ ያለችው ቶሎ ስለሆነ ፈራሁ።

አሁን የምለምንህ ና ብዬ አይደለም። መምጣት ምን ያህል እንደሚከብድህ አላውቅም፤ ካላወቅሁት ልቆጣህ አልችልም። የምለምንህ አንዲት ቃል ነው። ቁልፉ አንተ ጋ ካለ፣ አለ በል። ከጠፋም ጠፋ በል፤ ያኔ የማደርገውን እኔ አውቃለሁ። እኔ መካከል ቆሜያለሁ። ያልተዘጋ በር አስጠብቄ፣ ይዳን አይዳን የማላውቀውን ሰው ይዤ ልሄድ ነው። የሆስፒታሉን አድራሻ ከፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ፣ ለልብስ ሰፊዋም ነግሬያታለሁ።

ምናልባት ይህ ሳይደርስህ መንገድ ላይ ከሆንክና ከመጣህ፣ በሩን ታውቀዋለህ፤ እጀታውን ትንሽ ከፍ አድርገህ በትከሻህ ግፋው። አልጋህ ተነጥፏል። ግን አትቀመጥ። ፊትህን ታጠብና ወደ እኛ ና። እሷ ስለ በሩ እንጂ ስለ ራሷ አትነግርህም፤ እኔ ነኝ የምነግርህ፦ ብዙ ጊዜ ያላት አይመስለኝም።

እንግዲህ ሰላምታውን ላድርስ። ጋሼ ጉንጩን ሳሚልኝ ብለዋል፤ ፂምህ ይቧጥጣቸው እንደሆነ ግን አስቀድመህ አሳውቃቸው ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሃለች፤ ትከሻህ ሰፍቶ እንደሆነ ልክህን ላክልኝ፣ አሮጌውን ልክህን ይዤ ልፋቴ ገደል እንዳይገባ ብላለች። አብረውህ ያሉትን ልጆች በሙሉ፣ በተለይ በእንቅልፉ የሚያወራውን፣ እህቴ ሰላም ብላችኋለች በልልኝ። ታበስልልናለች ብለህ ለጻፍክልን ሴትዮም እጅሽ ይባረክ በልልኝ። እማዬ የምትለውን ጠይቄያት ነበር። ምን ልጻፍለት ስላት፣ እሱ ያውቀዋል አለች። እኔም እህትህ ዓይንህን እስማለሁ። ሁሌም እህትህ ነኝ።

ከበረንዳችን ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት

አጣጥፌው ነበር፤ መልሼ ዘረጋሁት። ጋሼ ጡሩምባ እየነፉ ነው። እማዬ መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ነበር፣ በሩንም ዘግቼላት ነበር። አሁን ወረደች። የክፍልህን መስኮት ልየው ብላ ነው። ትናንት ሽቦ ዘግቶታል፣ እኔም አይቼዋለሁ አልኳት። ልየው አለች። ደግፌ ላስገባሽ ብላት አንቺ ጻፊ አለችኝ። ቦርሳዋን ከኋላ ወንበር ላይ አንስታ ይዛ ነው የገባችው። በኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳውን እየያዘች ስትሄድ ይሰማኛል። ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። የክፍልህ በር ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ከውስጥ ሲገባ ሰማሁ።