ስሜ ያለበት ስላይድ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ ጥንካሬያቸውን ለመለካት አስራ ሁለት የኮንክሪት ኩብ በማሽን ሰበርን። ሰባቱ አለፉ፣ አምስቱ ወደቁ። የላቦራቶሪው ኃላፊ "ከወደቁት የአንዷን ቁጥር ከፍ አድርጊው፣ ደንበኛው የኛ ሰው ነው" አለኝ። ማሽኑ ያሳየውን ቁጥር ጻፍኩ። አኮረፈ። ያኩርፋ!

ከሥራ ስወጣ እጮኛዬ የቅዳሜውን ክርክር ጽሑፍ አሳየኝ። ስለ ፍጥረት ነው። የሚጀምረው ከሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ... "ሁሉ ነገር ወደ መበታተን ይሄዳል፤ ስለዚህ ሕይወት ከቀላል ወደ ውስብስብ ሊያድግ አይችልም።" ፊዚክስ ተምሬ እንዴት ዝም ልበል? አውጣው አልኩት። ያ የሚሆነው ዙሪያው ለተዘጋ ነገር ነው፤ ምንም ካልገባበት፣ ምንም ካልወጣበት። ምድር ደግሞ ፀሐይ ትሞቃለች። ዘር ዛፍ ሲሆን ሕጉ ፈረሰ እንዴ? "በፈጣሪ እመን፣ እኔም አምናለሁ። ይህን ሕግ ግን በሐሰት ምስክር አትጥራው።"

"እሺ የኔ ፕሮፌሰር" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ያወጣዋል ማለት ነው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አላወጣውም።

አዳራሹ ግጥም ብሏል። እናቴ ከፊት ወንበር፣ በአዲሱ ቀሚሷ። ስላይዱ ሲበራ ከሕጉ ሥር ስሜ። "በፊዚክስ ባለሙያ የተረጋገጠ።" ወደ እኔ ዞረ... "እጮኛዬ ናት፤ እስኪ ተነስታ ትመስክር!" ጭብጨባ።

ተነሳሁ። "ስህተት ነው። ሰኞ ነግሬሃለሁ።"

ተቃራኒው ተከራካሪ ጮቤ ረገጠ። "ሰማችሁ? ፀሐይ ስላለች ሕጉ እኛን አይመለከተንም!" ያም ስህተት ነው አልኩ። ሕጉ ሁላችንንም ይመለከታል፤ ሲቆጠር ግን ፀሐይም አብራ ትቆጠር። ደግሞ "ሕጉ አይከለክልም" ማለት ሌላ፣ ሕይወት እንዴት እንደመጣች ማወቅ ሌላ።

"እህቴ፣ ለመሆኑ የማን ወገን ነሽ?" አለኝ ተከራካሪው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

በእግሬ ተመለስኩ። እናቴ በእጮኛዬ መኪና ሄደች።

እሑድ፣ የካቲት 9

ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ የለም። ታናሽ እህቴ ብቻ በሩን ገርበብ አድርጋ "ፈጣሪን ካደች እየተባለ ነው" ብላኝ ሮጠች። የካድኩት ስላይዱን ነው!

ሐሙስ፣ የካቲት 13

መጣ። እጮኛዬ፣ ወረቀት ይዞ። "ጽሑፉን አይቼ አጽድቄ ነበር፤ በስሜት ተነድቼ ተናገርኩ" ይላል። እንድፈርምበት ነው።

"አንዲት ፊርማ እኮ ናት። ሰርጉ ሁለት ወር ቀረው።"

"ስታሳየኝ ምን አልኩህ?"

"እሱን ተይው።"

"ምን አልኩህ?"

መሬት መሬት አየ። ያውቃል። ሕጉ ባይገባው ኖሮ ቁጭ ብዬ አስረዳው ነበር... እስኪገባው። ቀለበቱን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ያ ሌላኛው ተከራካሪ ደወለ። "በኛ መድረክ ተናገሪ።" የአንተንም ስህተት? "የሱን ብቻ።" ዘጋሁበት። ጎበዝ ነኝ አይደል? ታዲያ ለምን አለቀስኩ... ሻይ ጥጄ ሁለት ብርጭቆ አቅርቤያለሁ። ለማን?

እሑድ፣ የካቲት 30

እናቴ ክፍሌ ገባች። ከሦስት ሳምንት በኋላ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ለመሆኑ ያ ሕግ ምን ይላል?"

ወጥ ቤት ወስጄ የፍሪጁን ጀርባ አስነካኋት። "ይሞቃል" አለች። ውስጥ የተበታተነው ውሃ ረግቶ በረዶ ሆኗል፤ ከእሱ የወጣው ሙቀት፣ ከሞተሩ ሙቀት ጋር፣ እዚህ ነው። ውስጡን ብቻ ያየ ሕጉ የፈረሰ ይመስለዋል። ጀርባውንም የቆጠረ ግን...

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ለዚህች ብለሽ ነው ባል ያጣሽው?"

"ለዚህች ብዬ ነው እማዬ።"

እጇን ከፍሪጁ አላነሳችም። "ስህተት መሆኑን ቀድመሽ ነግረሽዋል?"

"ሰኞ ዕለት።"

"ስምሽን ሳያስፈቅድሽ ነው የለጠፈው?"

"ሳያስፈቅደኝ።"

ከዚያ መነጽሯንና ስልኳን ፈለገች።

"የሰርግ አዳራሹን እኔ ደውዬ ልሰርዝ። አንቺ ከደወልሽ ከባለ አዳራሹ ጋር ትጣያለሽ።"