የአንለይ ሱሪ

ሐምሌ 8 ቀን 1974

ዛሬም ዘነበ። የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ሲንጫጫ ድምፄ አይሰማም። ቢሰማስ ማን ሊያዳምጥ? ተማሪዎቼ ከየገጠሩ መጥተው እዚሁ ክፍል ውስጥ የሚያድሩ ጎረምሶችና ኮረዶች ናቸው። የወጣቶች ማኅበሩ ሰብሳቢ ማረው «ጓድ ሙህዲን፣ ክረምቱን ስፌትና የልብስ ንድፍ ያስተምሩልናል» ሲለኝ እሺ ያልኩት ምን ነክቶኝ ነው? ለመስከረሙ ሰልፍ የሚለበስ ካኪ በእጃቸው መስፋት አለባቸው አሉ።

ንድፉንስ ይችሉበታል። የልጅ ልጄ ሀሚዳ ሱሪ ነደፈች፣ እግሩ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ።

«ቤል ነው አባባ፣ ፋሽን ነው።»

«ይህን ለብሶ ፎገራን የተሻገረ የጎረቤቱን መሬት በእግሩ ይዞ ይገባል» አልኳት። ሳቁ። መርፌ አስይዤ ክር አስገቡ አልኩ… ሳቁ አለቀ።

ሐምሌ 11

መርፌ ተሰበረ። ማረው ሰባሪዋን አስቁሞ ግለ ሂስ አስደረጋት። ግማሽ ቀን ሄደ። መርፌው እንደተሰበረ ነው።

ሰባሪዋ አገኘሁሽ ትባላለች። ከርብ ወንዝ ማዶ ናት፣ ስድስተኛን ጨርሳለች። እጇ ለሞፈር እንጂ ለመርፌ የተፈጠረ አይመስልም።

ሐምሌ 17

የገበያ ቀን። የአገኘሁሽ አባት አንለይ ልጁን ሊያይ መጣ። የሱሪው መቀመጫ ተቀዷል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ዝም ማለት የት አውቄ?

«አንለይ፣ በኋላ በር እንግዳ ትቀበላለህ እንዴ?»

«ተዉኝ እስቲ አያ ሙህዲን። ለጥር ሰርግ አለብኝ፣ ያኔ አዲስ እለብሳለሁ።»

«የማን ሰርግ?»

«የእሷ ነዋ! ሽማግሌ ሊልኩ ነው።»

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። እኔም አፌ አያሳርፈኝ… «ተማሪዬን ለባል ሰጥተህ ሱሪህን ማን ሊሰፋ? ሰፍታ ብታለብስህስ?»

«እሷ? ሱሪ?» ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ካለበሰችኝማ ሽማግሌዎቹን እመልሳለሁ!»

ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አገኘሁሽ ብቻ አልሳቀችም።

ሐምሌ 18

በጠዋት ሱቄ በረንዳ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«አባባ፣ ሱሪ ያስተምሩኝ።»

«ልጄ፣ አባትሽ እኮ ቀልዱን ነው።»

«ሰው ፊት ተናግሯል። ስምንተኛን መጨረስ እፈልጋለሁ።»

ከሱቄ ካኪ አውጥቼ ሰጠኋት። ከሁሉ ተማሪ መርጦ መርፌ ለማይሆንላት ለእሷ ይህ የሚገጥማት ለምንድነው? ሀሚዳ ብትሆን ኖሮ በሳምንት ትጨርሰው ነበር። ግን ሀሚዳን ማን ሊያገባ፣ ምላሷን ፈርቶ!

ሐምሌ 26

ልኬት የለንም። ማረው ያለችንን አንዲት ሜትር ለሰልፉ ልብስ ቆልፎባታል። አንለይም ሜዳው በውሃ ስለተሞላ ገበያ መውጣት ትቷል። «ቤት ስትሄጂ ራስሽ ለኪው» አልኳት። ፊቷ ደም መሰለ። «የአባቴን ወገብ? ነውር አይደል እንዴ!» እናቷ ትለካው አልኩ። እሺ አለች።

ተማሪዎቹን ደግሞ «ካኪውን ሳትነክሩ አትቁረጡ፣ ታጥቦ ይሰበሰባል» እያልኩ ጉሮሮዬ ነቃ። ሁለቱ ሳይነክሩ ቆረጡ። ጆሮ ለጌጥ ነው?

ነሐሴ 3

አገኘሁሽ ልኬቱን ይዛ መጣች። እናቷ በጥጥ ፈትል ወገቡንና እግሩን ለክታ ቋጥራ ሰጥታታለች። ልጅቱ ጎርፉን እስከ ደረቷ ገብታ ነው የተሻገረችው። ፈትሉን እሳት ዳር አድርቃ በዚያው ልክ ቆረጠች። ካኪውን ነክራው ነበር። ጎበዝ አልኳት… በልቤ።

ነሐሴ 10

ግራ እግሩን ከቀኝ ኪሱ ጋር ሰፋችው። ፈታሁት። ደግሞ ሰፋችው። የእኔው መኪና ላይ ነው፣ የማኅበሩን መኪና ማረው ለባንዲራ ስፌት ወስዶታል። ጮህኩባት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 19

አለቀ! ስፌቱ የሰከረ በሬ ያረሰው ይመስላል። ግን ሱሪ ነው፣ ሁለት እግር አለው። ይዛ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ነሐሴ 21

ጠበበው።

አንለይ በመከራ አስገብቶ በመከራ ቆለፈው፣ መቀመጥ ግን አይችልም አለችኝ። እንዴት? ልኬቱ ልክ፣ ቆረጣው ልክ… ማታ ሁለት እኩል ፈትል ቆርጬ አንዱን ነክሬ እሳት ዳር ሰቀልኩ። ሲደርቅ ከጓደኛው ጋር አስተያየሁት። አጥሯል።

ክረምቱን ሙሉ ስለ ጨርቅ መሰብሰብ ስጮህ የከረምኩ ሰውዬ፣ ፈትሉም ያው ጥጥ መሆኑን አላሰብኩም! ለስፌት ያስተረፈችውም ጥቂት ነው፣ ቢፈታም አይበቃ። ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ቀጥረዋል። ሱሪ ስታለብስህ ተባለ እንጂ ሲያስቀምጥህ አልተባለም ብዬ ልከራከር? ማን ሊሰማኝ…

ነሐሴ 22

አንለይ ከማዶ ሰው ላከብኝ፤ «እሑድ ይምጡና ይቁሙልኝ» ብሎ። ሊያሾፍብኝ ነው?

እሑድ፣ ነሐሴ 23

ሄድኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ገብተው በር አጠገብ ቆሙ። ልማዱ ነው፣ ሴት ልጅ ጠያቂ ቃል ሳይሰጠው አይቀመጥም። አንለይ ጋቢውን ደርቦ መሐል ቤት ቆሟል።

«ተቀመጡ» አላቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ይሁን። እኔም አልቀመጥም።»

ተያዩ። ባለቤት ቆሞ ማን ይለምናል? ማንስ ይመልሳል? ቆሙ። ቆመ። ትልቁ ሽማግሌ በከዘራው ተደገፈ።

«ኧረ አንለይ፣ ምን ሆነሃል? ቁጭ በልና እንነጋገር!»

ጋቢውን ገለጠ። ያ ሱሪ! ቁልፉ ሊፈናጠር ደርሷል።

«ልጄ ሰፍታልኝ ነው። ቁጭ ካልኩ ይቀደዳል። ተማሪ ናት፣ ገና እየለመደች። እንግዲህ እስክትለምድ ታገሱን።»

«መቼ ነው የምትለምደው?»

«ስፌቷን እያያችሁት!»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁ አመለጠው። ሳቅ ከገባ ልመና የለም። መርቀው ወጡ።

ከጓሮ ያዝኩት። «አንተ፣ አሮጌውን ብትለብስ ትቀመጥ አልነበር?»

«ዝም ይበሉ አያ ሙህዲን» አለኝ። ዓይኑን ግን አላሳየኝም።

መስከረም 8 ቀን 1975

ሰልፉ አለፈ። የማረው ሰልፈኞች እጅጌ እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር። ስድብ ሳላወጣ መዋሌን አላህ ይቁጠርልኝ።

አገኘሁሽ ሰባተኛ ተመዘገበች። ትናንት ሱቄ ገብታ፣ ሳታስፈቅድ መኪናው ላይ ተቀምጣ የወንድሟን ሸሚዝ ጠቀመች። ቀጥ ብሎ ወጣ። ሌላ ክር አቀበልኳት።

ዛሬ አንለይ ገበያ መጣ፣ በዚያው ሱሪ። ሰው ሁሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ እሱ ቆሟል።

«አምጣው፣ ጨርቅ አስገብቼበት ላስፋልህ» አልኩት።

«አይነካም።»

«እስከ መቼ ልትቆም ነው?»

«እስከ ስምንተኛ።»