የማይጠፋው ንዝረት

ኅዳር 9፣ ጠዋት 2፡00
ሲሊንደሯን አወረድሁ፣ መልሼ ሰቀልሁ። ሰባተኛዬ ነው። ወገቤ ተቆርጧል። ሽቦው መሐል ወገቧ ላይ ካልዋለ ንዝረቷ ቶሎ ይሞታል።

ማስታወሻዬ፣ ይህች ድፍን አሉሚኒየም ከጠፈር የሚመጣውን የስበት ሞገድ አትይዝም። ትንሽ ናት፣ መሞከሪያ። ግን በኤሌክትሪክ ቀስቅሼ ማንዘሪያውን ሳጠፋው ረጅም ጊዜ ከነዘረች፣ ሞገዱን እንድትይዝ የታሰበችው ትልቋም በዚሁ አሰቃቀል ትሠራለች ማለት ነው። መመረቂያዬ በሙሉ እዚህ ላይ ቆሟል።

አዲስ አበባ የመኪናው ብዛት ያናውጣት ነበር። እዚህ ገነተ ማርያም አጠገብ፣ አጎቴ ቄስ ሞላ እህል ያስቀምጡበት የነበረው ዋሻ ጸጥ ያለ ነው። ብርዱ ግን አይጣል!

ኅዳር 11፣ 9፡00
ከሦስት ደቂቃ በላይ! እስከ ዛሬ ግማሽ ደቂቃ ሞልታ አታውቅም። ፎቶ አንስቼ ከቁጥሩ ጋር ለአማካሪዬ ላክሁ። እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ሰኞ ስብሰባ ላይ ያቀርቡታል፣ ትልቋን ለማሠራት ገንዘብ ሊጠይቁበት። መመረቂያዬም ለታኅሣሥ ተቆረጠ።

ኅዳር 13
ትናንት ሚካኤል ነበር፣ ሥራ የለም። ዛሬ ደገምሁ። ሃያ ስምንት ሰከንድ። እንደገና። ሃያ ስምንት።

የላክሁትን ፎቶ አሰፋሁት። ጥግ ላይ የማንዘሪያው ቀይ መብራት በርቷል። ማንዘሪያውን ዝቅ አደረግሁት እንጂ አላጠፋሁትም! እኔው እያነዘርኋት ኖሯል።

ማንም አላየውም። መናገር አለብኝ? ደክሞኛል።

ኅዳር 14፣ ከሰዓት
አጎቴ ቆሎ ይዘው መጡ። «ምነው እህል አልቀምስ አልሽ?» አሉኝ። ነገርኋቸው።
«ሌላ የሚያውቅ አለ?»
«የለም፣ አባ።»
«እሱ ነው ክፉው» ብለው ወጡ። ቆሎውን ትተውልኝ።

ኅዳር 15፣ እሑድ
ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ለአማካሪዬ ደወልሁ። «መምህር፣ የላክሁልዎት ቁጥር ልክ አይደለም» አልሁ። እውነተኛውን ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ከነገው ስብሰባ ይሰርዙታል። ትልቋ ዘንድሮ አትሠራም። የኔም ምረቃ ወደ ሰኔ ተገፋ። አልተቆጡም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ስወርድ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች «እህቴ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉኝ። ደህና ነኝ አልሁ፣ መሰለኝም።

ዛሬ ዋሻው አልገባም። እተኛለሁ።