ከንቲባው ግድግዳችን ላይ ሲስቅ

ልጄ ሶይላ፣

የጓዳሉፔዋ እመቤታችን ማርያም እጅሽን ከሞንትሪያል ብርድ፣ ምላስሽን ከነገር ትጠብቅልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ቃሪያው ዘንድሮ ይዞልናል።

ከንቲባው ዶን ኤቫሪስቶ ሞተ። አዎ፣ ውኃችንን ለሆቴሉ ሲጠልፍ ግድግዳችን ላይ የሚስቅ አጽም አድርገሽ የሣልሽው፣ አገር ጥለሽ እንድትወጪ ያደረገሽ ሰውዬ። በኖራ ቢያስቀባውም ዝናቡ አጥቦ መልሶ አወጣው፤ ይኸው ጥርሱን እንደገለፈጠ አለ።

የሞቱብንን በማዕድ በምናስብበት በሙታን ቀን ሚስቱ መጣች። ልትሰድበኝ መስሎኝ መጥረጊያዬን ጨብጬ ወጣሁ። እሷ ግን ግድግዳውን አይታ አይታ፣ «ዶኛ ክሪሳንታ፣ ሲስቅ የተነሳው ፎቶ የለኝም። ይህ ሥዕል በወረቀት ካለሽ ስጪኝ፤ ለነፍሱ በማዘጋጀው ማዕድ ላይ ላኑረው» አለችኝ።

የመጀመሪያ ንድፍሽን ሰጠኋት። አትቆጪኝ። «ውኃው ግን እስከዛሬ አልተመለሰም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ።

እጅሽ አይዛል፣ ልጄ። ሚኒስትሩንም ጳጳሱንም በአጽም ሥለሻል፤ እኔን ግን አንድም ቀን አልሣልሽኝም። በደንባችን በአጽም የሚሣለው በቁሙ ያለ ሰው ነው፣ አይቶ እንዲስቅ። እባክሽ እኔንም ሥለሽ፣ በፖስታ ሳይሆን በእጅሽ ይዘሽልኝ ነይ። ጥርሴ ሳያልቅ ልሳቅበት።

እናትሽ ክሪሳንታ