ኮሪን ያባረረችው አሠልጣኝ

ሜይፊልድ፣ አዮዋ
እሑድ፣ ጁላይ 14 ቀን 2019

ለልጄ ለኮሪን፤

ኦሪገን እንዴት ይዞሻል? የገና ካርድሽ ደርሶኛል። ከስምሽ በቀር ምንም ባትጽፊበትም የእጅ ጽሑፍሽን በማየቴ ደስ ብሎኛል። እዚህ በቆሎው ከትከሻዬ አልፏል። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ነው ቤዝቦል ስዳኝ ከመቺው ኋላ ጎንበስ ቀና ስል የሚያስቸግረኝ።

ትናንት ሜዳ ላይ የሆነውን ከሌላ ሰው ከምትሰሚ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች እያጫወትኩ ነበር። አንዱ መቺ ሊመታት የሚገባውን የመጨረሻዋን ኳስ ዝም ብሎ አሳለፋት። "ስትራይክ፤ ተራህ አልቋል" አልኩት። ልጁ ዱላውን ወረወረና "ለዚህ ሽማግሌ መነጽር ግዙለት" አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። አንቺን እንዳስተማርኩሽ አደረግሁ። ለወላጆቹ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ መቺው የሚቆምበትን፣ መሬት ላይ ያለውን ነጭ ሰሌዳ በቡርሽ እየጠረግሁ ለሁለታችንም ፋታ ሰጠሁ። ከዚያ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "አሁን ያልከውን አልሰማሁም። ብትደግመው ግን እሰማለሁ። ዱላህን አንሣ" አልኩት። አነሣ። በዚያው ቢያበቃ መልካም ነበር።

አሠልጣኙ ግን ዌይድ ቲልማን ነበር። እየተንደረደረ መጣ።

"ሃርላን፣ ተኝተህ ነው እንዴ የምታጫውተው?"

"በውሳኔዬ አልከራከርም ዌይድ። ወደ ቦታህ ተመለስ።"

"እንቢ ብልህስ?"

"ይኼ ማስጠንቀቂያ ነው።"

በጫማው አፈሩን ጭሮ ሱሪዬ ላይ በተነው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ያን ጊዜ እጄን አንሥቼ ከሜዳ አባረርኩት።

አልጮኸም። ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጅህ እንዲሁ ስታባርረኝ የመለስከኝ አንተ አይደለህም? ያኔ ያልነበረ ሕግ ዛሬ ከየት መጣ?" አለኝ።

እሱ ሄደ፤ እኔ ጨዋታውን ጨረስኩ። ቁጥሩ ስንት ለስንት እንደ ነበር ግን አላስታውስም።

ኮሪን፣ ስለዚያ ቀን አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈስኩልሽም። ዳኛዋ አንቺ ነበርሽ፤ አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር። ዌይድ "ሂጂና አሻንጉሊትሽን ተጫወቺ" ሲልሽ ድምፅሽ ሳይንቀጠቀጥ አስጠነቀቅሽው፤ ሲደግመው አባረርሽው። ካስተማርኩሽ አንዲት አላጎደልሽም። እኔ የዳኞቹ አለቃ ሆኜ አጥር ሥር ቆሜ ነበር። ገባሁና በሰው ሁሉ ፊት "ተይው፣ ጨዋታው ይቀጥል" አልኩሽ። የዳኛ ጭንብልሽን አውልቀሽ አስጨበጥሽኝና በእግርሽ ወደ ቤት ሄድሽ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ አልረገጥሽም።

ለምን እንዳደረግሁት ጠይቀሽኝ አታውቂም። እናትሽ ሆስፒታል በተኛችባቸው ዘጠኝ ሳምንታት ዌይድ ከጎኔ አልተለየም ነበር። የሬሳ ሣጥኗን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ፊቱን ሳየው አቃተኝ። አንቺ ልጄ ነሽና ትችይልኛለሽ አልኩ። እናትሽን ከቀበርን ገና ሁለት ወራችን ነበር። አንቺም እናትሽን ያጣሽ ልጅ መሆንሽ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም።

ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዌይድ ከእኔ ርቆ ከኋላ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ነበርን። ስንወጣ በአጠገቤ አለፈ፤ ሰላም አላለኝም። አልፈርድበትም።

እንደምታውቂው፣ አሠልጣኝ ያባረረ ዳኛ ለሊጉ ሪፖርት ያቀርባል። ቅጹ ላይ "ከዚህ በፊት ተባርሮ ያውቃል?" የሚል ጥያቄ አለ። ከምሳ በኋላ ተቀምጬ እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ "አዎ። ጁን 2014፣ በዳኛ ኮሪን ኦበርግ። ውሳኔዋ ትክክል ነበር። የዳኞች አለቃ ሃርላን ኦበርግ ያለ አግባብ ሻረው።" ፈረምኩበት። ነገ ዳኝነቱን ከምለቅበት ደብዳቤ ጋር አስገባለሁ። አንዱን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ፤ የአንቺ ስለሆነ ነው።

መልስ ጻፊልኝ አልልሽም። ጤና ይስጥሽ። እንጀራሽን አያጉድልብሽ። ሰው በጮኸብሽ ቀን ሁሉ ከጎንሽ የሚቆም ሰው አትጪ።

አባትሽ ሃርላን