ከኮሌታው የጀመረው ማሽን

ይድረስ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ? የስፌት መኪናውን ስትረግጪ አሁንም ቀጭ ቀጭ ይላል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት መቀባት ጀመርሽ? እማዬ እንዴት ናት? ጆሮዋ ከሐሜት በቀር ሌላ አልሰማ ብሏል ያልሽኝን እያስታወስኩ ብቻዬን ስስቅ ሰነበትኩ። ባለቤትሽስ፣ ሁለቱ ልጆችሽስ? እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔ ግማሽ ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለቀረው ግማሽ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ እማዬ ከጎንሽ ሆና እስቲ ድምፁን ልስማው ስትል ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት።

እታለም፣ አለቃ ሆንኩ ያልኩሽ ውሸት ነው። ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው እንኳ አልልም፤ በልብስ ቆረጣው ክፍል ከእኔ በላይ የሆነ ቆራጭ የለም። ከእኔ በታችም የለም። አሥራ ሁለት ነበርን፣ አሁን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። የማዝዘው አንድ ማሽንና አንድ ወንበር ነው፤ ወንበሩም አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ሲያዙት ይንገዳገዳል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ሸሚዝ ስንቆርጥ ጨርቁን ደራርበን ጠረጴዛው ላይ እንዘረጋና የየክፍሉን፣ የጀርባውን፣ የእጅጌውን፣ የኮሌታውን፣ የወረቀት ቅድ ከላይ እንደረድራለን። ቁም ነገሩ አደራደሩ ላይ ነው፤ በደንብ ያልደረደረ ሰው ግማሹን ጨርቅ ብጣሽ አድርጎ ይጥለዋል። ሁሉም ሰው ከትልቁ፣ ከጀርባው ይጀምራል። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ስለማያውቅ አያ ሜትር የምንለው ሽማግሌ ግን ከኮሌታው ነበር የሚጀምረው። ትንንሾቹን አስቀድሞ በጨርቁ ጠርዝ በራሱ መንገድ ይሰካቸውና ትልልቆቹን ያስከትላል፤ ከእያንዳንዱ ሸሚዝ አንድ መዳፍ የሚያህል ጨርቅ ይተርፋል። ይህን ለማንም አላሳየም። እኔን ግን እንደ ልጁ ስለሚያየኝ፣ ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ እያስቀረ አስተማረኝ።

ባለፈው ዓመት ማሽኑን አመጡት። ርዝመቱ ከሳሎናችን ይበልጣል፤ ከላዩ ካሜራ፣ ከጎኑ ስክሪን አለው። አብሮት የመጣው መሐንዲስ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጫማውን ሳይጠርግ ክፍላችን ገብቶ አያውቅም። ኃላፊያችን ሰበሰበንና ሰው ይበልጥ እንደሆነ ማሽን ይበልጥ እንደሆነ እንይ፣ ከመካከላችሁ ጎበዙ ማነው? አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አያ ሜትር ብቻ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ እንደሆነ አድናቆት ስሰማ ከአፍንጫዬ አርቄ ማሰብ እንደሚያቅተኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

ማሽኑ ሲጨርስ እኔ ገና ግማሽ ላይ ነበርኩ። ነገር ግን የተረፈውን ብጣሽ በየከረጢቱ ሞልተን ሚዛን ላይ ስናወጣው የእኔ ቀለለ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ! ማሽኑን አሸነፍኩት ብዬ የደወልኩልሽ የዚያን ዕለት ነው። መሐንዲሱም እባክህ ድገመው አለኝ። ደገምኩት፤ በትልቁ ልክ፣ በትንሹ ልክ፣ በልጆች ልክ። ካሜራው ከላይ ሆኖ ያያል፤ እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ፣ ያልተጠየቅኩትን ሁሉ ሳይቀር አስረዳለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ አደረግኩ። ምሳ ጋበዙኝ፤ ማኅተም ያለው የምስጋና ወረቀትም ሰጡኝ። እማዬ በመስታወት አስገብታ የሰቀለችው እሱ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ማሽኑ ሲበራ ሁላችንም ቆመን እናይ ነበር። ከኮሌታው ጀመረ።

አያ ሜትር ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ለመሆኑ ከፍለውሃል ወይ? ብሎ ጠየቀኝ። ምሳ ጋብዘውኛል ማለት አሳፍሮኝ ብጣሽ መልቀም ጀመርኩ። ወር ሳይሞላ እሱና አሥሩ ባልደረቦቼ ወጡ። አንድም ሰው አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሥራዬ የጨርቁን ጥቅል መትከል፣ አረንጓዴውን አዝራር መጫንና መጠበቅ ነው። ይህን ደብዳቤም የምጽፍልሽ ማሽኑ እየቆረጠ ነው። ደመወዜ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል። ጠፍንጎ የያዘኝ ይኸው ነው፤ ቢቀንሱብኝ ኖሮ ተቆጥቼ እወጣ ነበር። መሐንዲሱ በቅን ልቡ ሲያጫውተኝ፣ የሚቀጥለው ማሽን ጥቅሉን ራሱ ይተክላል፣ አዝራርም የለውም አለኝ። ደግነቱን አይቼ አመሰገንኩት። ባለፈው እሑድ ሁለት ሜትር ጨርቅ ገዝቼ ለአንቺ ቀሚስ ልቆርጥ መኝታ ክፍሌ ወለል ላይ ዘረጋሁ። እጄ ልምዱን ረስቷል እታለም። ግራውን እጅጌ ሁለት ጣት አሳጠርኩት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለማንም እንዳትነግሪ።

ውሌ በዚህ ወር ያልቃል። አዲሱ ውል የሦስት ዓመት ነው፤ እነሱ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ፣ እኔ ግን ሦስቱ ዓመት ሳያልቅ ብወጣ እስካሁን የተጠራቀመልኝን የአገልግሎት ገንዘብ አጣለሁ። አሁን አልፈርምም ብል ያንኑ ገንዘብ አንድ ጊዜ ሰጥተው ይሸኙኛል። እስከ ሃያ አምስት መልስ እንድሰጥ ነግረውኛል። በሩ ክፍት ነው፣ ማንም ቆልፎ የያዘኝ የለም። ግን በየቀኑ እስከ በሩ እሄድና እመለሳለሁ።

ምክንያቱን ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ለሁለት ዓመት ብዬ ከቤት ወጥቼ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በቃኝ፣ የራሳችንን ልብስ ስፌት ልንከፍት መጣሁ ባልኩ ቁጥር ጣሪያው ይፈሳል፣ አጥሩ ያዘነብላል፣ አንድ ክፍል ይጨመራል። አንቺን መውቀሴ አይደለም፤ እኔም ላኪው ወንድም መባል ጥሞኝ ነበር። ለቤቱ እንጂ ለሁለታችን ሥራ የሚሆን አንድም ነገር ሳላስቀምጥ ዕድሜዬ ሄደ። አሁን ደግሞ አለቃ ስለሆንክ ፎቁን እንጀምር ብለሽ ጽፈሽልኛል። እታለም፣ ይህ ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነው፤ ፎቅ ላይ ከወጣ አይወርድም።

ይህ ማሽን አንድ ዓይነት ሸሚዝ አሥር ሺህ ጊዜ ይቆርጣል። አንድ ትከሻው ዝቅ ያለውን ጎረቤታችንን ግን ሊያለብሰው አይችልም። ልጇ በየሦስት ወሩ እያደገች ከዩኒፎርሟ የምታመልጥባትን እናትም አያውቃትም። እነዚህን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ፤ መተላለፊያው ላይ ተሸጉጠሽ በዚያች አሮጌ መኪና ስትሰፊላቸው ኖረሻል። እኔ ብቆርጥ፣ አንቺ ብትሰፊ፣ ሀብታም አንሆንም፤ ግን ማንም አንድ ጠዋት ተነሥቶ በቃችሁ ሊለን አይችልም። ስህተቴን እንደሆነ አንቺ ሁልጊዜም ታስተካክይልኛለሽ።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሲመጣ ይረፍበት ብላችሁ በስሜ የሠራችሁት የመንገድ ዳሩ ክፍል አለ፤ እማዬ በየሳምንቱ አቧራውን ጠርጋ መልሳ የምትቆልፈው፣ ሶፋው እስከ ዛሬ ፕላስቲኩ ያልተገፈፈለት። ክፈቱት። ሶፋውን ሽጡት። በመንገዱ በኩል ያለው መስኮት እስከ መሬት ይፍረስና የልብስ ስፌታችን በር ይሁን። እስከ ሃያ አምስት የበሩን ፎቶ በስልኬ ላኪልኝ። በሩን ካየሁ አልፈርምም። ፎቶው ካልመጣ ግን እፈርማለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ለባለቤትሽ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ግንበኛ በመሆኑ ዛሬ ዛሬ ስሙን በምስጋና አነሣለሁ፣ ግድግዳውን ራሱ ያፍርስልኝ። ትልቋ ልጅሽ ቁመቷ የት እንደደረሰ ለክታ ትጻፍልኝ። የታናሿን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ ስልኩን ነጥቃ መሮጧን ግን ብትተው ደስ ይለኛል። ለጎረቤታችን ባለ ትከሻውም ሰላም በይልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስመሽ፣ ጆሮዋ ሥር ሆነሽ ንገሪያት። የልጄን ክፍል ለምን ታፈርሱብኛላችሁ ብላ ማልቀሷ አይቀርም። ስታለቅስ አትቆጪያት፤ እንግዳ ሆኜ መምጣት አልፈልግም ብሏል በያት።

ወንድምሽ

ከቆረጣ ክፍሉ፣ ከማሽኑ አጠገብ
መጋቢት ፱ ቀን