የቀኝ እግሬ ወሬ

አዳማ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ይድረስ ሁሩታ ለምትኖረው ለእናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ በዓሉን እንዴት አሳለፈ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የሚያነብልሽ ጎረቤታችን ሐዲስም ደህና ይሁን። እኔ ከወጣሁ ወዲህ በሰፈሩ ከእሱ ሌላ ፊደል የቆጠረ ስለሌለ ነገሬን ሁሉ በእሱ አፍ መስማትሽ ነው፤ ምን ይደረግ። ሳል ከያዘው ውሃ ስጪው፣ መስመር ግን እንዳይዘልብሽ።

ስለ እግሬ ልንገርሽ። አምና ግንቦት በቅሎዋ ስትጥለኝ ወጌሻው አርባ ቀን ይበቃል አለ፤ አንቺ ግን ለማርያም ተስለሽ እስከ ፍልሰታ ጠቅልለሽ አስቀመጥሽኝ። አልቆጣሽም፣ ከፍቅር ነው። አጥንቱ ገጠመ፣ እግሩ ግን ሥራ መፍታት ለመደ።

የማገለግላቸው ማዳም፣ የባቡሩ መሐንዲስ ሚስት፣ በአገራቸው በእግር ጣታቸው ጫፍ ቆመው የሚጨፍሩ ነበሩ። ሳነክስ አይተው እግርሽ ሰነፈ እንጂ አልሞተም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ፣ ልብስ ከመተኮሴ በፊት፣ ወለሉ ላይ ያቆሙኛል። የወደቀ መሐረብ በእግር ጣቶቼ አነሳለሁ። ጣቶቼን ሳላጥፍ ውስጥ እግሬን ወደ ላይ እሰበስባለሁ፤ ይህን ለማወቅ ብቻ አንድ ወር ፈጀብኝ። ከዚያ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ በጣቶቼ ላይ ከፍ እላለሁ። መውጣቱ ቀላል ነው፤ ማዳም የሚቆጡት ስወርድ ነው። ተረከዝሽን አትጣይው፣ እስከ አምስት እየቆጠርሽ አስቀምጪው ይሉኛል። መጀመሪያ አካባቢ አለቅስ ነበር። አሁን ቀኝ እግሬ ብቻውን ይሸከመኛል። ባለፈው እሑድ ከጣቢያው እስከ ገበያው ሄጄ ስመለስ ማንም ዞሮ አላየኝም። ይህ ለእኔ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

እዚህ ላይ ሐዲስ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። ከመውደቄ በፊት የእሱ ሽማግሌዎች ደጃችን ደርሰው ነበር። ከወደቅሁ በኋላ እናቱ አንካሳ ምራት ውሃ አትቀዳልኝም አሉ፣ እሱም ዝም አለ። የጎዳኝ የእናቱ ቃል አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ተኝቼ ከአጥሩ ማዶ ድምፁን እየሰማሁ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነሽ አለማለቱ ነው። ዛሬም ይህን ደብዳቤ በማን ድምፅ እንደምትሰሚው ሳስብ እቀናብሻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የጣቢያው ጸሐፊ ዘገዬ እዚህ ወደማርፍባት አክስቴ ሽማግሌ ልኮብኛል። ደግ ሰው ነው፤ ሳነክስ ያውቀኛል፣ የፈለገኝም ሳነክስ ነው። አክስቴ እስከ ግንቦት ልደታ መልስ ስጪ ብላኛለች። እኔ እሺም እምቢም ማለት አቃተኝ። ስለዚህ አንቺ ቁረጪልኝ። መልሱን ለማጻፍ ግን ወደ ሌላ ሰፈር ጸሐፊ እንዳትሄጂ፤ ሐዲስ በገዛ እጁ ይጻፈው። ልጄን ለዘገዬ ሰጥቻለሁ የሚል ቢሆንም እሱው ይጻፈው። የእጁን ጽሕፈት አውቃለሁ።

ማርያም ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ በደህና ታገናኘን። ላነበበልሽም ሰው እግዚአብሔር አንደበቱን ይፍታለት።

ጉልበትሽን የምትስመው
ልጅሽ